ከጎማው ሥር የተደፋው ሻይ

የበደለችኝ የሟች ባለቤቴ ታናሽ እህት ናት። የበደለችኝም ባለፈው የገና ጾም ነው፤ መጀመሪያ አንድ ረቡዕ ተራራ ላይ፣ ቀጥሎ ደግሞ በዚያው ሳምንት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ። ሁለተኛው ይብሳል። ተራራ ላይ ያደረገችውን ማንም ሰው ሊያደርገው ይችላል። እሑድ ያወራችው ግን ታስቦበት የተወራ ነው።

ስሟን አልጽፍም፤ የሚያውቃት ያውቃታል። በሷ በኩል የተወራውን እዚህ ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ ውስጥ ያልሰማ የኛ ሰው የለም። የኔን ግን የጠየቀኝ ስለሌለ ሳልጠየቅ እጽፈዋለሁ።

እዚህ አገር አብዛኛውን ዕድሜዬን የሠራሁት አረጋውያንን በየቤታቸው በመንከባከብ ነው። ተራሮቹን በየቀኑ አያቸው ነበር። ጠዋት ወደ ምዕራብ ስነዳ ነጭ ሆነው ከፊቴ ይቆማሉ። ወጥቼባቸው ግን አላውቅም። የኛ ሰው ከሌላ ስቴት እንግዳ ሲመጣበት በሐምሌ ይወስደዋል፣ መንገድ ዳር ቆሞ ፎቶ ያነሳዋል፣ ይመለሳል። በረዶ ከጣለ በኋላ ተራራው የፈረንጅ ነው ብለን ትተነዋል።

እኔን ያስጀመረችኝ ሌክውድ በሚባል ሰፈር የምንከባከባት አሮጊት ናት። ያደገችው በምዕራቡ ውቅያኖስ ዳር፣ ተራራው ከባሕሩ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ በሚወጣበት አገር ነበር። «እኛ ጋ በረዶው እርጥብ ነው፤ ቀን ሙሉ ላዩ ላይ ውለሽ ማታ ባሕር ዳር ትኩስ ዓሣ ትበያለሽ» ትለኝ ነበር። የኮሎራዶን በረዶ ትንቀውም ትፈራውም ነበር። «ዱቄት ነው፤ ያምራል፣ ግን እርስ በርሱ አይያያዝም። እምነት አትጣይበት።» እግሯ እንቢ ሲላት ስኖውሹዋን ለኔ ሰጠችኝ። ስኖውሹ ከጫማ ሥር የሚታሰር ሰፊ መርገጫ ነው፤ ሰው ወገቡ ድረስ እንዳይሰምጥ ያደርጋል። የት የት መሄድ እንዳለብኝ፣ ከየትኛው ዳገት ሥር ማለፍ እንደሌለብኝ አልጋዋ ላይ ሆና አስረዳችኝ።

መጀመሪያ ብቻዬን የወጣሁት ባለቤቴ በሞተበት ዓመት ነው። በጥድ መሐል አልፎ አንድ የረጋ ሐይቅ ዳር የሚያደርስ መንገድ አለ። ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር ግግር ሆኖ፣ ላዩን ነፋስ ጠርጎት፣ እንደ ጠቆረ መስታወት ይታይ ነበር። ጥንቸል ያለፈችበት ዱካ ጫፉን አቋርጦ ይሄዳል። ቆምኩ። «አይዞሽ» የሚለኝ ሰው አልነበረም። «ምን እየበላሽ ነው?» የሚለኝም አልነበረም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ ከሐዘኑ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ራበኝ።

ከዚያ ሁለት ሴቶች ተከተሉኝ። አንዷ ኤርፖርት አካባቢ እንግዳ የሚያመላልስ የሆቴል ሻትል ትነዳለች፤ የምትናገረው ጥቂት ነው። ሌላዋ ነርሲንግ ሆም፣ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ፣ ልብስ አጠባ ላይ ትሠራለች፤ ስትስቅ መኪናው ይነቀነቃል። ሁለቱም ከኔ በብዙ ያንሳሉ። የምንሄደው ረቡዕ ነበር፤ የሁለቱም ዕረፍት ረቡዕ ላይ ይገጥማል፣ ደግሞም ቅዳሜና እሑድ ወደ ተራራው የሚወስደው ሀይዌይ ሰባ በስኪ ተጫዋች ተጨናንቆ አያስኬድም። ረቡዕ ግን የጾም ቀን ነው። ባዶ ሆድ፣ ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ፣ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ላይ በረዶ መርገጥ እንደማይሆን ሥራዬ አስተምሮኛል። ስለዚህ የንስሐ አባቴን አስፈቀድኩ።

«ከወተቱና ከሥጋው ተጠበቁ እንጂ ሰዓቱን ፈትቼላችኋለሁ» አሉኝ። «እግዜር ከተራራ ላይ ውደቁልኝ አላለም።»

ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣሁ። መኪና ማቆሚያው ላይ እንደደረስን፣ ስኖውሹ ከመታሰሩ በፊት፣ እያንዳንዷ ሴት አንድ ኩባያ ስኳር የበዛበት ሻይ ትጠጣለች፣ አንድ ቁራሽ የጾም ዳቦ ትበላለች። የማትጠጣ መኪና ውስጥ ትጠብቃለች። ሳቂታዋ «ቄሰ ገበዟ» እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ግን ትጠጣ ነበር።

የባለቤቴ እህት በኋላ መጣች። ፎቶአችንን አይታ ነው። «እኔን ትታችሁ ነው እንዴ የምትሄዱት?» አለች። ስኖውሹ እኔ ነኝ የመረጥኩላት፤ አስተሳሰሩንም ያሳየኋት እኔ ነኝ። ቤቷ ወደ ሀይዌይ መውጫው ስለሆነ ሁለቱን አንሥቼ በመጨረሻ እሷን አነሣለሁ። አንድም ቀን በር ላይ ቆማ ጠብቃን አታውቅም። ሞተር አስነሥተን እኛ ነበርን የምንጠብቃት።

ያን ረቡዕ አዲስ ነጭ ጃኬት ለብሳ ወጣች።

«እዩአት፣ ሙሽራ መስላ መጣች» አለች ሳቂታዋ።

«ለበረዶ ነው የለበስኩት።»

«ነጭ በነጭ? ስትወድቂ በምን እናገኝሻለን?»

«እኔ አልወድቅም። እሱን ለእትዬ ጉልበት ንገሪው» አለችና ትከሻዬን ከኋላ መታ መታ አደረገችኝ። እትዬ የምትለኝ የወንድሟ ሚስት ስለሆንኩ ነው። «ዛሬ ደግሞ ሐይቁ ድረስ ነው፤ ነፋስ መጣ፣ ደመና መጣ ብለሽ ከግማሽ መንገድ እንዳትመልሺን።»

መኪና ማቆሚያው ላይ ሻዩን ቀዳሁ። ቀረፋ የበዛበት ጥቁር ሻይ ነበር። የሷን ተቀበለችና «እዚህ ነፋሱ ፊት ይልጣል» ብላ ወደ መኪናው ጀርባ ዞረች። ባዶ ኩባያ ይዛ ተመለሰች።

«ጠጣሽ?» አልኳት።

«ጠጣሁ።»

«ዳቦውስ?»

«ቤት በልቻለሁ። እንደ ሕፃን አፌን ልክፈትልሽ እንዴ?»

ሳቂታዋ ሳቀች። እኔም ተውኩት። የስድሳ ዓመት ሴት አፍ ከፍቼ አላይም።

አጀማመራችን ጥሩ ነበር። ብርዱ ደረቅ ነው፣ ፀሐይ አለ። ጥዶቹ ላይ የተቆለለው በረዶ ቅርንጫፉ ሲነካ እንደ ጤፍ ዱቄት ይበናል። ጅረቱ ከግግሩ ሥር ሆኖ ሲሄድ ይሰማል፤ አይታይም። እሷ ፊት ፊት ትሄድ ነበር፤ በየመሐሉ ዞር እያለች «ምነው አረጃችሁ?» ትለናለች። ሐይቁ ጋ ከመድረሳችን በፊት ዛፍ የሌለው ገላጣ ዳገት ሥር የሚያልፍ አቋራጭ አለ። በላዩ ነፋስ ያከማቸው በረዶ ጠርዝ ሠርቶ ተንጠልጥሎ አየሁ። ናዳ የሚነሣው ከእንዲህ ዓይነቱ ነው። በዛፎቹ መሐል ዞረን እንድንሄድ አደረግኩ። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን መንገድ ነው፤ በየዛፉ ላይ ምልክት አለው።

«አቋራጩ እያለ?» አለች።

«አቋራጩ ላይ የተንጠለጠለውን አታዪም?»

«አንቺ ደግሞ ሁሉም ነገር የሚወድቅብሽ ይመስልሻል።»

ዛፎቹ መሐል ከገባን በኋላ መናገር አቆመች። ፍጥነቷ ቀነሰ። እኔ ተናዳ መስሎኝ ነበር። ሐይቁ ዳር ስንደርስ በረዶው ላይ ተቀመጠች። ቁጭ ያለችው እንደ ደከመው ሰው አልነበረም፤ እግሯ ከሥሯ እንደጠፋ ነበር። ፊቷ አመድ መስሏል፣ ግንባሯ ላይ ቀዝቃዛ ላብ አለ። ዓይኗን እኔ ላይ አድርጋ «እማዬ፣ በሩን ዝጊው፣ ብርድ ገባ» አለችኝ።

ያን ዓይነት ፊት በሥራዬ ስንት ጊዜ አይቻለሁ። ሰውነቷ ውስጥ ስኳር አልቋል። በፔርሙሱ የቀረው አንድ ጉንጭ ሻይ ነበር፤ ሰጠኋት፣ ግማሹ አገጯ ላይ ፈሰሰ። ዳቦ ብሰጣት ያንቃታል።

«ጣፋጭ ነገር ያለው ማን ነው?» አልኩ።

የሻትል ሹፌሯ እጇን ኪሷ ከተተች። ተሳፋሪ የሰጣት ቸኮላት አወጣች። ቶሎ አልሰጠችኝም። «እትዬ፣ ይሄ ወተት አለበት» አለች።

«አውቃለሁ። አምጪው።»

ቆርሼ ከጉንጯ ሥር አደረግኩላት፤ ሲቀልጥ ዋጠችው። ደግሜ ሰጠኋት። ሳቂታዋ ያን ጊዜ አልሳቀችም፤ የባለቤቴን እህት ከኋላ ደግፋ ጀርባዋን ታሻት ነበር። ጥቂት ቆይቶ ከንፈሯ ቀላ፣ ዓይኗ እኔን አወቀኝ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ምንድን ነው ያበላሽኝ?» ብላ ነው።

«ቸኮላት።»

«የጾም ነው?»

«አይደለም።»

አለቀሰች። ደንግጣ ነው ብዬ አቀፍኳት። እኔና ሹፌሯ በግራና በቀኝ ይዘናት፣ ሳቂታዋ ምርኩዞቹን ሰብስባ፣ በመጣንበት መንገድ አወረድናት።

መኪናው ጋ ስንደርስ ከኋለኛው ጎማ ሥር በረዶው ላይ ቡናማ ጉድጓድ አየሁ። ትኩስ ነገር ሲፈስበት በረዶ እንዲያ ነው የሚሰረጉደው። ጫፉ ላይ የቀረፋው ስንጥር ቀርቶ ነበር። ሹፌሯም አየችው። በጣቷ ልታሳየኝ ስትል ራሴን ነቀነቅኩባት። የባለቤቴ እህት የኋላ ወንበር ላይ ተኝታ ዓይኗን ጨፍናለች፤ የታመመ ሰው አይሞገትም ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴን እሷ ተጠቀመችበት።

እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሴቶቹ ጫማቸውን ሲያጠልቁ አንዷ ቀና ብላ አየችኝና መልሳ አቀረቀረች። ሌላዋ ክንዴን ይዛ «ደህና ነሽ? ራስሽን ደህና ነሽ?» አለችኝ። የባለቤቴ እህት እንዲህ ስትል አውርታለች፦ መንገድ ጠፍቶባት በረዶ ውስጥ ስታዞረን ዋለች፤ ደክሞኝ ስወድቅ ጾሜን በወተት አስገደፈችኝ፤ ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም፣ ምስኪን። «ምስኪን» የሚለውን እሷ ናት የጨመረችው፤ ሦስት ሰው ሳይለውጥ ነግሮኛል።

ስለ ቸኮላቱ አልገረመኝም። ሰው ጾሙ ሲፈታበት ያመዋል። ስለ መንገዱም ቢሆን፣ መዞርና መጥፋት የማይለይላት ሰው ናት ብዬ አልፍ ነበር። ስለ ጭንቅላቴ የተናገረችውን ግን ማለፍ አልችልም። የምኖረው ብቻዬን ነው። መኪናዬን ነድቼ የምሄድበት ረቡዕ ነበር የቀረኝ። በኔ ዕድሜ ላለች ሴት አንድ ጊዜ ጭንቅላቷ ልክ አይደለም ከተባለ መኪናውም ረቡዑም ይወሰዳል።

ሊወሰድም ደርሶ ነበር። ማክሰኞ ሳቂታዋ ደወለች። «እትዬ፣ ባሌ ነገ አትሄጂም አለኝ።»

«ነገ ብቻ ነው ወይስ ሁልጊዜ?»

«እስቲ ነገሩ ይብረድ።»

«የውጪው ብርድ አልበቃም?» አልኳት። ልትስቅ ጀምራ ተወችው።

ልጄ እዚሁ አቅራቢያ፣ ሴንትራል ፓርክ በሚባል ሰፈር ነው የሚኖረው። ከሥራ ሲወጣ መጣ፤ ካፖርቱን ሳያወልቅ ወጥ ቤት በር ላይ ቆመ።

«ማሚ፣ አክስቴ ሁሉንም ነግራኛለች። ሴፍ አይደለም።»

«ምን ነገረችህ?»

«ተይው እሱን። ዶክተርሽ ሜሞሪሽን ቼክ ያድርገው። እስከዚያ ቁልፉን እኔ ልያዘው። ጀስት ፎር ናው።»

«ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው። እዚያው ይቆያል።»

«ማሚ፣ ስለምወድሽ ነው።»

«ስለምትወደኝ ከሆነ እኔንም ጠይቀኝ። እሷን ጠይቀሃል።»

አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እየደወለ «የት ነሽ?» ይለኛል። ጾሙ እስኪያልቅ ረቡዕ ረቡዕ ቤቴ ዋልኩ። ብወጣና ጎማ እንኳ ቢተነፍስብኝ «ብለን ነበር» ይሉኛል። አስቤዛ ልገዛ ስወጣ ከሱቁ መኪና ማቆሚያ ላይ ተራሮቹን አያለሁ። የገና ሳምንት በረዶ ሲወርድ ሰነበተ፤ የሚረግጠው ሰው ግን ሌላ ነበር።

ጥምቀት ሳይደርስ የንስሐ አባቴ ጠሩኝ። ተጣልቶ ታቦት ማጀብ አይገባም፣ መታረቅ አለባችሁ አሉ። እሳቸውና አንድ በታክሲ ሥራ ያረጁ ሽማግሌ ሆነው የባለቤቴ እህት ቤት ተቀመጥን። ልጄንም ጠርተውት በሩ አጠገብ ተቀምጧል። እሱ በመምጣቱ ደስ ብሎኛል፤ አልደበቅኩም።

«እንግዲህ ሁለታችሁም የአንድ ቤት ሰዎች ናችሁ» አሉ ሽማግሌው። «በመሐል የገባውን አውጡትና ይቅር ተባባሉ።»

«እኔ ምንም ቂም የለኝም» አለች። «እትዬ ደክሟት ነው። ዕድሜ ነው። እኔ ይቅር ብያታለሁ።»

«አባ» አልኩ፣ «አንድ ነገር ልጠይቃት ይፈቀድልኝ።»

«ጠይቂያት ልጄ።»

«ሻዩን የት ደፋሽው?»

«የምን ሻይ?»

«እኔ የቀዳሁልሽን። ቀረፋ የነበረበትን።»

ወደ አባ አየች። ወደ ልጄም አየች። ሽማግሌው «የምን ሻይ ነው ደግሞ?» ብለው ሲጠይቁ ሕጋችንን ነገርኳቸው፤ አባም «አዎን፣ እኔ ነኝ ሰዓቱን የፈታሁላቸው» አሉ።

«ጎማው ሥር» አለች። «ስለት ነበረብኝ። ልጄ በሰላም ከተገላገለች ይሄን ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ አልቀምስም ብዬ ተስዬ ነበር። ብነግራት መኪና ውስጥ ቁጭ በይ ትለኝ ነበር።»

«እል ነበር» አልኳት።

«ታዲያ!» አለች፣ እኔ ጥፋቴን ያመንኩ ይመስል።

«መንገድ ጠፍቶብኝ ነበር?»

«አልጠፋብሽም።»

«ጭንቅላቴስ?»

የነጠላዋን ጫፍ ማጣጠፍ ጀመረች። ልጄ ጫማውን ያይ ነበር። አባ ጉሮሮአቸውን ጠረጉና «እሑድ ይህንኑ ለሴቶቹ ተናገሪ፤ የተወራው በአደባባይ ስለሆነ የሚመለሰውም በአደባባይ ነው» አሏት። እሺ አለች፤ መስቀላቸውንም ተሳለመች። ተነሥተን ተሳሳምን። ጉንጯ ትኩስ ነበር።

ልጄ መኪናዬ ድረስ ሸኘኝ። «ማሚ፣ ሶሪ» አለኝ። ስለ ቁልፉ ከዚያ በኋላ አላነሣም።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ሴቶቹ ተሰብስበው ሳለ ብድግ አለች። «እኔና እትዬ በመሐላችን ገብቶ የነበረውን ሰይጣን አሳፍረነዋል፣ እግዚአብሔር ይመስገን» አለች። እልል ተባለ። ተቀመጠች። ያለችው ይኼንኑ ነው። ሰይጣን ሻይ አይደፋም። ሰይጣን ስለ ጭንቅላቴ ለልጄ ስልክ አልደወለም። አባ ከሩቅ አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። እሳቸውም ከዚያ በላይ ሊያደርጉ የሚችሉት አልነበረም።

ሹፌሯ ያን ቀን ማታውኑ፣ እኔ ሳልጠይቃት፣ የሳቂታዋ ቤት ሄዳ ለባልየው ያየችውን ነግራዋለች። ይህን የሰማሁት በማግስቱ ሳቂታዋ ስትደውል ነው። «ቄሰ ገበዟ፣ ረቡዕ አለን?» አለችኝ።

«አለን» አልኩ።

ረቡዕ ጠዋት ሹፌሯን አነሣሁ፤ ቀጥሎ ሳቂታዋን። ፔርሙሱ ሙሉ ነበር፣ ዳቦውን ማታ ጋግሬዋለሁ። ወደ ሀይዌዩ በሚያወጣው መንገድ የባለቤቴ እህት ሕንፃ ጋ ስንደርስ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ማንም አልነገራትም፤ ሰዓቱን ታውቀዋለች። ነጩን ጃኬት ለብሳለች፣ ስኖውሹዋን በእጇ ይዛለች። መጀመሪያ ጊዜ ነው ቀድማ የወጣችው።

«እትዬ፣ ቆማለች» አለች ሹፌሯ።

«አየኋት።»

ይቅር ብያታለሁ፤ በአባ ፊት ስሜያታለሁ። አልቆምኩላትም። መንገዱ ደረቅ ነበር። ሐይቁ ዳር ከቀትር በፊት ደረስን፣ የተረፈውን ሻይ ሦስታችን ተካፍለን ጠጣን፣ ነፋሱ ሳይነሣ ተመለስን።